ሳልወልድ አራስ ሆንኩ

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ቤተልሔም እባላለሁ፤ አል ዓይን ውስጥ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጌታ ያደረገልኝን እዚህ አቡ ዳቢ ሳልናገር አልመለስም ብያለሁ።

ያደግሁት በቤተ ክርስቲያን ነው። መዝሙሩን ሁሉ በቃሌ አውቃለሁ፤ ጌታን ግን የማውቀው የእናቴ ጌታ አድርጌ ነበር። እዚያው አል ዓይን፣ አል ቶዋያ ሰፈር ብቻዬን ክፍል ተከራይቼ መማር ስጀምር፣ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ በውስጤ የነበረው ጨለማ ከበደኝ። ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ቀን ሕይወቴን ለማጥፋት ሞከርኩ። ጌታ ይባረክ፣ ተረፍኩ!

ከሆስፒታል ስወጣ እናቴ፣ "ኸላስ፣ አልፏል፤ ከእንግዲህ አናነሣውም" አለች።

ሐኪሙ ግን ረጋ ብለው እንዲህ አሏት፦ "አንድ ጊዜ የሞከረ ሰው አሳቡ ሊመለስበት ይችላል። ብቻዋን ስትሆን፣ እንቅልፍ ስታጣ፣ መድኃኒት ስታቋርጥ፣ ከቀጠሮ ስትቀር፣ የከፋትን ስትደብቅ አደጋው ይጨምራል። በተለይ እነዚህን የመጀመሪያ ሳምንታት ብቻዋን አትተዋት። አደገኛ ነገርም ከአጠገቧ ይራቅ።"

እናቴ የምትሠራው እዚህ አቡ ዳቢ፣ ያስ ደሴት፣ ሆቴል ውስጥ ነው። ፈረቃዋን አሰበችና አለቀሰች። "በሰው አገር ማን ይጠብቃታል?"

የአል ዓይን ኅብረታችን እናት እትዬ ሰናይት አጠገቧ ነበሩ። "አራስ ብቻዋን ትተዋለች እንዴ? በቃ፣ ይህቺ አራስ ናት! ወደ እኔ ቤት ትምጣ" አሉ።

ወገኖቼ፣ በደንብ ታረስኩላችሁ! እኅቶች በየተራ መጡ። አንዷ አጠገቤ ታድራለች፣ ሌላዋ ሐኪም ቤት ትወስደኛለች፤ ገንፎው ደግሞ አያልቅም። ጎረቤት ቪላ ልጅ የምትጠብቅ አንዲት እኅት "አራስ አለች" ሲባል ሰምታ፣ ማዳሟን አስፈቅዳ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" እያለች ገባች። ዙሪያውን ቃኘች።

"ሕፃኑስ?"

እትዬ ሰናይት ወደ እኔ ጠቆሙ። "ይችውልሽ! ትንሽ ትልቃለች እንጂ።"

ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቤ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ሃሌ ሉያ!

ተሻለኝ፤ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ፤ ሁሉም "ድናለች" አለ። አንድ ቀን ከሰዓት ግን ፈተና ወድቄ በአል ዓይን ኦአሲስ፣ በቴምር ዛፎቹ መሀል ስሄድ አሳቡ ተመለሰ። ማፈሬ! ያ ሁሉ ጸሎት ተጸልዮልኝ፣ ያን ሁሉ ገንፎ በልቼ? ልደብቀው ነበር። የሐኪሙ ቃል ትዝ አለኝና ደወልኩ።

"እትዬ፣ ያ አሳብ ተመለሰ።"

"የት ነሽ የኔ ልጅ?"

"ቴምሮቹ መሀል፣ ውኃው ዳር።"

"ሰው ያለበት ሄደሽ ተቀመጪ። ስልኩን እንዳትዘጊ፤ ታክሲ ይዣለሁ።"

"አይቆጡኝም?"

"የምቆጣው ባትደውዪ ነበር! አራስ ሲያማት 'ገንፎዬን አሳፈርሽው' ትባላለች?"

እያለቀስኩ ሳቅሁ። ድምፃቸው በጆሮዬ እንዳለ፣ "ጌታ ሆይ፣ እስካሁን የእናቴ ነበርክ፤ ዛሬ የኔ ሁን" አልኩት። ያን ሰዓት ሕይወቴን ሰጠሁት፤ እሱም ተቀበለኝ። ክብር ለስሙ!

እትዬ ደርሰው በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ወሰዱኝ። ሐኪሙም፣ "በጊዜ ተናገርሽ፤ ይህ ነው ጉብዝና" አሉኝ። እናቴም መጥታ አቀፈችኝ፤ ያን ቀን "አናነሣውም" አላለችም። "ንገሪኝ" አለች።

ወገኖቼ፣ ዛሬም መድኃኒቴን እወስዳለሁ፤ ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። ይህ እምነቴን አያሳንሰውም፤ ጌታዬ በሐኪሙም በእትዬም እጅ ይዞኛል። ከመካከላችሁ ይህ አሳብ ያለበት ካለ፣ ዛሬውኑ አጠገቡ ላለው ሰው ይናገር፤ ወደ ሐኪምም ይሂድ። ጌታን ታመኑት፣ አይጥልም! ከእንዲህ ያለ አልጋ የተነሣች ካለች ደግሞ፣ ብትስቅም ብቻዋን አትተዉአት፤ በሯን አንኳኩ። ገንፎውን እኔ አገነፋለሁ።