ጫፉን ብቻ ብዬ ነበር

ጥፋቱ የፀጉር ሠሪዋ ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ከርሜያለሁ። ውሸቴን ነው። ግማሹ የእኔ ነው፤ መጀመሪያ ይህን ልናገርና ይውጣልኝ።

ወልዲያ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ውሎዬ ከኩሽኔታ፣ ከፍሬን ሸራና ከሾፌር ጋር ነው፤ ከሦስቱ የሚያስቸግረኝ ሾፌሩ ነው። ሰኔ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘጋሁና ጫፉ የተሰነጣጠቀ ፀጉሬን ላስተካክል ሄድኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያሳደግኩት ነው፣ ወገቤ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። "ጫፉን ብቻ፣ ሁለት ጣት" አልኳት። ሠሪዋም ሁለት ጣቷን አስጠግታ አሳየችኝ። ተስማማን።

መቀሱ እንደጀመረ ስልኬ ጠራ። ጠዋት የፍሬን ሸራ የወሰደ ሾፌር ነው፤ ልኩ አይደለም ብሎ ይጮኻል። እኔ ደግሞ ሲጮኹብኝ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። "ልኩማ ልክ ነው! መግጠም ያቃተህ አንተ ነህ!" እያልኩ አንገቴን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ አወራጫለሁ። እሷ ቀኙን ስትቆርጥ ግራው ይረዝምባታል፤ ግራውን ስታስተካክል ደግሞ ቀኙ ይበልጣል። የሚነቃነቅ ጠረጴዛ ላስተካክል ብሎ እግሮቹን በየተራ እንደሚቆርጥ አናጢ ዙሪያዬን ዞረች። ሾፌሩ በመጨረሻ ሸራውን ገልብጦ ይዞት እንደነበር አመነና ይቅርታ ጠየቀኝ። አሸነፍኩ ብዬ ቀና ስል መስታወቱ ውስጥ ሁለቱንም ጆሮዎቼን አየኋቸው። ለካ ይህን ያህል ትልልቅ ኖረዋል።

"ፀጉር አይደል፣ ያድጋል" ትሉኝ ይሆናል። ያላለኝ ሰው የለም። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ለጥር የሰርጌ ቀን ተቆርጦ ነበር። መርሳ ከተማ፣ ከወላጆቼ ቤት ጎን፣ አንዲት ሙስሊም ጎረቤት አሉን፤ እናቴን ለሰርጓ ሹሩባ የሠሯት እሳቸው ናቸው። እኔንም ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጉልበታቸው መሐል አስቀምጠው ሲሠሩኝ ነው ያደግኩት። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ "ለሰርግሽም እኔ እሠራሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እጄን ሰብስቤ እቀመጣለሁ" ብለው ቃል ገብተውልኛል። ሦስቱን ዓመት ያሳደግኩት ለዚያ ቀን ነበር። የሳቸው ጣቶች ግን ይጠብቁኝ አይመስሉም። ቁርጥማት ከያዛቸው ወዲህ በየዓመቱ አንድ ነገር ይተዋሉ፤ መጀመሪያ ስፌቱን፣ ቀጥሎ ቀጭን ሹሩባውን ተዉ፣ በዚያ ዓመት ደግሞ የገዛ ቀሚሳቸውን ቁልፍ መቆለፍ አቃታቸው። ፀጉሬ እስኪያድግ ሰርጉን ላራዝመው ብል ጣቶቻቸው ሊቀሩ ነው፤ አላራዝመውም ብል ደግሞ የሚሠራ ፀጉር የለም። ይህ ነው ያስለቀሰኝ።

ቅዳሜ ጉዴን ልነግራቸው ወደ መርሳ ተሳፈርኩ። ጭንቅላቴን የምሸፍንበት ስፈልግ፣ ግሪስ አያሳይም ብዬ ሱቅ የማስቀምጠውን ጥቁር ሻሽ አገኘሁና ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። አገሬን የማላውቅ ይመስል! ሴት ልጅ ፀጉሯን ተከርክማ ጥቁር ካሰረች እኛ ዘንድ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ከቤቷ ሰው ሞቷል። ይህን የማያውቅ የለም፣ እኔም አውቃለሁ። የዚያን ቀን ግን ከፀጉሬ ሌላ የሚለቀስለት ነገር ዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም።

ሚኒባሱ ውስጥ ግራና ወደምትባለው ከተማ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ተነስተው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። ሻሹ ሸርተት ሲል የተከረከመውን አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ።

"አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ ልጄ።"

ገብቷቸዋል ብዬ ሆዴ ባባ። "አሜን፣ አባባ።"

"ድንገት ነው?"

"በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው ያለቀው። ስልክ እያወራሁ።"

"ያ አላህ! ስልክ ላይ!" ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ። ከኋላ የተቀመጡ ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሰው ለፀጉር እንዲህ ይራራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፣ በአገሬ ሰው ኮራሁ። ከሴቶቹ አንዷ የመርሳ ሰው ኖራ በሹክሹክታ ስትደውል አይቻለሁ። ለማን እንደምትደውል ግን ምን ቆርጦኝ ልጠይቅ?

መርሳ ወርጄ ማንጎ ልገዛ ገበያው ጋ ትንሽ ቆየሁ። ያቺ ትንሽ ጊዜ ለወሬው በቂ ነበረች። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በዚያ ጠዋት ጭነት ይዞ ወደ ሐራ ሄዷል። ልጅቱ ከወልዲያ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር አስራ መጣች ከተባለ፣ መርዶ ይዛ እንጂ ለሌላ ለምን ትመጣለች? ሰፈራችን ስደርስ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጃችን ላይ ቆሟል። አንዷ ንፍሮ ጥዳ ነበር። እናቴ ገና ስታየኝ "ወይኔ ባሌን!" ብላ ጮኸች።

"ኧረ ማንም አልሞተም፣ ፀጉሬን ነው!" ብዬ ሻሹን ከራሴ ላይ መዥረጥ አደረግኩት። እንዲያዩልኝ ነበር። አዩት፤ ልቅሶው እጥፍ ሆነ። ሹሩባ ሠሪዬ ጎረቤታችንም ከዘራቸውን ይዘው "ወንድሜን! ደጉን ጎረቤቴን!" እያሉ ወጡ። ከዚህ በኋላ በቃል ማስረዳት እንደማይሆንልኝ ገባኝና አባቴ ጋ ደወልኩ፣ ድምፁንም ከፍ አድርጌ ስልኩን ሽቅብ ያዝኩት።

"ሄሎ? እየነዳሁ ነው፣ ቆዪ ዳር ልያዝ" አለ አባቴ።

እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችና፣ ተርፎልኛል ብላ ታመሰግናለች ስል፣ "ደህና ከሆንክ ለምን አትደውልም!" ብላ ታወርድበት ጀመር።

"ቆይ፣ ማን ሞቶ ነው እንዲህ የምትጮሁት?"

"ፀጉሬ፣ አባዬ" አልኩት።

አባቴም "ነፍስ ይማር" ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሳቅ ነው። ሲያለቅሱ የነበሩት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ የተቀቀለ ንፍሮ አይጣልም ተብሎ ከማንጎው ጋር ተበላ። ያልሳቁት ጎረቤታችን ብቻ ነበሩ። ወደሳቸው ጠሩኝና እንደ ድሮው ጉልበታቸው መሐል አስቀመጡኝ። መዳፋቸውን ጭንቅላቴ ላይ አሳርፈው ዙሪያውን ዳሰሱት።

"ጥር ስንት ወር ቀረው?"

"ስድስት ወር ተኩል፣ እማማ።"

"አብሽሪ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ የጉሎ ዘይት እቀባሻለሁ።"

"እማማ፣ ዘይት ፀጉር ቢያበቅል የጋራዥ ወለል ሁሉ ጎፈሬ ይሆን ነበር እኮ!" አልኳቸው። ተናድጄ ነበር፣ በራሴ ነው እንጂ በሳቸው አይደለም። በሚዶው ጀርባ ራሴን ኳ አደረጉኝና "ቅዳሜ" አሉኝ።

ፀጉር ሲያድግ ሰው አይደለሽም። ሐምሌን እንደ ጃርት ቆሞ አሳለፈው። ነሐሴ ላይ ጆሮዬን ለመሸፈን ሞከረና መሐል መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረ። አንድ የውርጌሳ ሾፌር መደርደሪያውን ሳስተካክል ከኋላዬ መጣና "ወንድሜ፣ ኩሽኔታ አለ?" አለኝ። "እህትህ አለች፣ ኩሽኔታው አልቋል" አልኩት። ኩሽኔታው አላለቀም፣ ግን እልሄን በምን ልወጣ? እጮኛዬ መካኒክ ነው፤ መጀመሪያ ቀን ሲያየኝ ጆሮዬን በጣቱ ነካ አድርጎ "ይሄ ድሮም ነበረ?" ከማለቱ በቀር ክፉ አልተናገረም። ለዚያች ዝምታው እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ መርሳ ወረድኩ። እማማ ዘይቱን ፀሐይ ላይ አሙቀው ይጠብቁኛል። መጀመሪያ ሰሞን በመዳፋቸው ብቻ ነበር የሚያሹኝ፤ ጣቶቻቸው እንደተጣበቁ ነበሩ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ እቁነጠነጣለሁ፤ የሳምንቱን ሥራ ትቼ አሮጊት ላስደስት ነው የምመጣው ብዬ ለእናቴ አጉረመርማለሁ። ጥቅምት ላይ በወስፌ ፀጉሬን መክፈል ጀመሩ። ኅዳር ላይ ከጆሮዬ ጀርባ አንዲት ሹሩባ ሠሩልኝ። ሚኒባሱ ወልዲያ ሳይደርስ ተፈታች። የዚያን ዕለት ተስፋ ቆረጥኩ፤ የእጮኛዬ እህት "በቃ ዊግ እናድርግልሽ፣ ማን ያውቃል?" ስትለኝ እሺ አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እየፈራሁ ነገርኳቸው። ዘይቱን አስቀመጡና ትክ ብለው አዩኝ።

"ዊጉ የማን ፀጉር ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ እማማ። ከውጭ የሚመጣ ነው።"

"እኔ እናቷን የማላውቃትን ልጅ ፀጉር አልሠራም" አሉና ዘይቱን አንስተው ቀጠሉ። ዊጉ በዚያው ቀረ።

የሰርጉ ዋዜማ ጠዋት፣ ሴቶቹ ወጥ ሲያማስሉ፣ ለሙስሊም እንግዶቻችን የሚታረደው ወይፈን ጎረቤት ግቢ ታስሮ ሲጮህ፣ እኔ የእማማ ጉልበት መሐል ገባሁ። ፀጉሬ አንገቴን ቢደርስ ነው። የልጅ ጋሜ በሚያህል ፀጉር ሙሽራ ልሆን ነው ብዬ ልቤ ተሰብሮ ነበር። እሳቸው ግን ወስፌውን ይዘው ከፈሉት፣ ያዙት፣ ጎነጎኑት። ጎትተው ሲያጠብቁ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አንዲትም አልተፈታችም። ቀጫጭን፣ እኩል እኩል፣ ግንባሬ ላይ ተጀምረው አንገቴ ላይ የሚያልቁ። እኩለ ቀን አለፈ፣ አሥር ሰዓት ሆነ፣ አላረፉም።

እናቴ መጥታ ቆመችና አየቻቸው። ፀጉሬን ሳይሆን ጣቶቻቸውን ነው። "እትዬ፣ ቁልፍ መቆለፍ አቅቶዎት አልነበረም? ይሄ እጅ ከየት መጣ?"

"በየቅዳሜው የማሸው ምኑን መስሏችሁ ነው?" አሉ እጃቸውን ሳያቆሙ። "ፀጉርማ በራሱ ጊዜ ያድጋል። ጣቴን ነበር የማሸው። የሞቀ ዘይት፣ የሞቀ ጭንቅላት። ብቻዬን ባሸውማ ሁለት ቀን ሞክሬ በተውኩት። ይቺ ፀጉሯ ባይቆረጥ እስከ ጥር መች ትመጣልኝ ነበር? ወላሂ፣ ፀጉሯ ረዝሞ እኔ እቀርባት ነበር።"

"ሳይደግስ አይጣላም" አለች እናቴ።

ሰባት ወር ሙሉ እሳቸውን ለማስደሰት የምመጣ፣ ውለታ የምውል መስሎኝ ሰዓቴን ሳይ ነበር። አፈርኩ፣ ከማፈሬም በላይ ግን ደስ አለኝ፣ ደስታው ደግሞ ስቅስቅ ብሎ ወጣ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ በሚዶው ጀርባ ኳ አደረጉኝ።

"አንገትሽን አታወዛውዢ! መጀመሪያም ጉድ የሠራሽ ይኸው ነው።"

አሁን ካገባሁ ዓመት አልፎኛል። ፀጉሬ ትከሻዬን አልፎ ጀርባዬ ላይ ወርዷል። ከሰርጉ ወዲያ እጃቸውን ሊሰበስቡ ቃል የገቡት እማማ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይቱን ፀሐይ ላይ አውጥተው በር በሩን ያያሉ። ባለፈው ሳምንት ሲቀቡኝ ድንገት እጃቸው ቆመ።

"ልጄ፣ አድጎልሽ የለም እንዴ?" አሉኝ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር።

"ከኋላ በኩል ገና ነው፣ እማማ። እስቲ ይዩት።"

ጣቶቻቸው ከማጅራቴ ተነስተው፣ አንድ በአንድ ተለያይተው፣ እስከ ጀርባዬ መሐል ወረዱና እዚያ ቆዩ።

"እውነትሽን ነው" አሉ። "ገና ነው።"

ዘይቱንም አንስተው መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉ።