የሽኩር ሳህን

ሚኒባሱ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲጎተት ቆየና መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመ። የረመዳን ጀንበር ጠልቃለች። ከሹፌሩ ኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ሰዓቱን ያያል፣ ደጅ ደጁን ያያል፣ እንደገና ሰዓቱን ያያል። አጠገቡ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች፣ ነጠላ ያጣፋች ሴት ነበረች። ከቦርሳዋ የታሸገ ውኃ አወጣች።

«ልጄ፣ ማፍጠሪያው አልደረሰም?»

«ደርሷል እናቴ። ቤቴ እደርሳለሁ ብዬ ባዶ እጄን ወጣሁ።»

«እንካ። ጠበል እንዳይመስልህ፣ ከሱቅ የገዛሁት ነው።»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም። «በውኃ ይሆናል ወይስ የግድ በቴምር ነው? እኔ አላውቅም፤ ንገረኝ።»

«በውኃም ይሆናል» አለ ልጁ ፊቱ እየፈካ። «እርስዎስ አይጠጡም?»

«እኔም ጾመኛ ነኝ፤ የዛሬውን ግን ቀድሜህ ፈትቻለሁ።»

የኋላው ወንበር ላይ የነበሩት ጋሽ ፀሐዬ አልሳቁም። «ጾመኛ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከቆይታ በኋላ አጠገባቸው ወደተቀመጠው፣ ይህን ወደሚጽፈው የእሪ በከንቱ ሰፈር ጎረቤታቸው ዘንበል አሉ።

«አየህ፣ ጠየቀችው» አሉ። «እኔ ሽኩርን አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።»

ጋሽ ፀሐዬ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፒያሳ፣ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ። ሽኩር የሚባሉት ባልደረባቸው ደግሞ በዚያው ክፍል ወረቀት ቆራጭ። በአንድ ዘመን ተቀጥረው ጎን ለጎን ያረጁ ሰዎች ናቸው። በክፍሉ ውስጥ ሙስሊሙ ሽኩር ብቻ ነበሩ።

ጋሽ ፀሐዬ የበዓል ምሳ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ሲመረጡ መጀመሪያ ያሰቡት ስለ ሽኩር ነው። ክርስቲያን ያረደውን አይበሉምና፣ ዶሮ ወጡና ጥብሱ ሲቀርብ ለእሳቸው አንድ ሳህን የጾም ምግብ ለብቻ አሠሩላቸው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። በሚቀጥለውም በዓል እንደዚያው፤ በሚቀጥለውም። ሳህኑ ስም ወጣለት፦ የሽኩር ሳህን።

ማቲዎስ የሚባል የማተሚያ ማሽን ሠራተኛ ነበረ፣ አፉ የማያርፍ የአራዳ ልጅ። ቀጥሎ ለሽኩር ስም ያወጣው እሱ ነው።

«ጾመኛው መጣ! ገናም አይፈታ፣ ፋሲካም አይፈታ፤ ይሄ ሰው ሳንሰማ መነኮሰ እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሽኩርም ይስቃሉ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ሽሯቸውን ይበላሉ። ጋሽ ፀሐዬ ያንን ሳቅ ሲያዩ ልባቸው ሞቅ ይል ነበር። ማታ ሲጸልዩ፣ ደግ ነገር ለመሥራት ስላበቃቸው ፈጣሪያቸውን ያመሰግኑበት ነበር።

ጡረታቸው ሲቃረብ ፅናት የምትባል ወጣት ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ሠራተኞቹን ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጥናቱ በሥራ ቦታ ስላለው ብዝኃነትና አካታችነት ነው» አለች።

«አካታች ማለት ክትፎ የሚከትፈው ነው?» አለ ማቲዎስ። እሷም አብራ ሳቀች።

ጋሽ ፀሐዬ ማንንም ሳያስቀድሙ ተነሡ። «ልጄ፣ እዚህ ቤት በከንቱ ነው የደከምሽው። እኛ ጋ ልዩነት የለም። ሽኩርን ጠይቂው፤ በበዓል ሳህኑ ቀርቶበት አያውቅም።»

ፅናት ወደ ሽኩር ዞረች።

«እውነቱን ነው» አሉ ሽኩር። «ቀርቶብኝ አያውቅም።»

«ሳህኑ ላይ ምን ይኖራል?»

«ሽሮ።»

«ሥጋ አይወዱም እንዴ?»

ሽኩር ከመመለሳቸው በፊት ጋሽ ፀሐዬ ፈጥነው መለሱላቸው፦ «የጉራጌ ልጅ አይደል? ይወዳል እንጂ! የኛን አይበላም ብዬ ነው።»

«እሳቸው የሚበሉትስ አይገኝም ነበር?»

ጨረቃ የተሳለበት የሙስሊም ሥጋ ቤት ከማተሚያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ነበር። ጋሽ ፀሐዬ ጠዋት ጠዋት ባለቤቱን ሰላም ብለው ነው ሥራ የሚገቡት።

«አንድ ቀን ትጠይቀኛለህ ብዬ ነበር» አሉ ሽኩር፣ እጆቻቸውን እያዩ። «ከዚያ ዘመኑ ሄደ። ሽሮውም ቢሆን ጥሩ ነበር።»

ያኔ ጋሽ ፀሐዬ «አላሰብኩትም፣ ይቅር በለኝ» ቢሉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። እሳቸው ግን በሰው ፊት የተራቆቱ መሰላቸው።

«አፍ የለህም? ይህን ሁሉ ዘመን ስትጎርስ ኖረህ፣ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ታዋርደኛለህ? ውለታ ቢስ!»

ሽኩር ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ መቁረጫ ማሽናቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ «ደህና አደርክ» ይባባላሉ፣ ያውም ከአንገት በላይ። በበዓል ምሳ ቀን ሽኩር ፈቃድ ይወጣሉ። ጋሽ ፀሐዬ ዛሬ ነገ ሲሉ ጡረታቸው ደረሰ። ቀጥሎ ያ ሰፈር ፈረሰ። ማተሚያ ቤቱም፣ ሥጋ ቤቱም፣ የሽኩር ቤትም በነበሩበት ቦታ ዛሬ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ። ሽኩር ወደ ከተማው ዳር መሄዳቸውን የሰሙት ከሰው ነው፤ ሳይሰነባበቱ።

ይህን ሁሉ የተናገሩት ምኒልክ አደባባይ ከወረዱ በኋላ፣ በጊዮርጊስ አጥር ጥግ ቆመው ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመው ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። የእግዚአብሔር ነገር፣ ባለፈው እሑድ አብዱልመሊክ የሚባለውን የሽኩርን ልጅ መንገድ ላይ አግኝተውት፣ የአባቱን ቁጥር ሰጥቷቸዋል።

«‹አባቴ ሁልጊዜ ስለ እርስዎ ያወራል› አለኝ። ምን ብሎ እንደሚያወራ ለመጠየቅ ወኔ አጣሁ።»

«ለኢድ ሄደው ይጠይቋቸው እንጂ፣ ጋሼ» አላቸው ጎረቤታቸው።

«ያሰብኩትስ እሱን ነው። ‹ልመጣ ነው፤ ምን ይዤልህ ልምጣ?› ልለው። የሚወደውን እሱ ራሱ ይንገረኝ።»

ቁጥሩን አወጡ፤ ጣታቸው ግን አልነካውም። ስልኩን ለጎረቤታቸው ዘረጉለት።

«እባክህ አንተ ደውልልኝ። ስሜን ስትነግረው ደስ ካለው አቀብለኝ። ዝም ካለ ግን…» ድምፃቸው ወረደ። «ዝም ካለ፣ ኔትወርክ የለም በለኝ።»