የአስታ ካጂ ኦሪጅናል

አስታ ካጂን አርባ ዓመት አውቀዋለሁ። በአርባ ዓመት ውስጥ «ተሳሳትኩ» ሲል አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። በኔፓሏ ፓታን ከተማ፣ በእኛ ግቢ እንደ እሱ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ሰው የለም፤ የሚኮራበት ነገር ምንድን ነው ቢሉ ሁለት ነጫጭ ሪሞቶች ናቸው። አዎ፣ ሪሞት። እጅ ሲወዛወዝ እየተከተለ የሚያጫውት፣ አማቹ ከኦሳካ ያመጣለት የጌም ሪሞት።

ድሮ ጌም ቤት ነበረው። ማሽኑ ዲስክ አላነብም ሲል ቤቱን ዘጋ፣ ሪሞቶቹን ግን በላስቲክ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። እኔ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ኮምፒውተሩን ያንን ማሽን እንዲመስል የሚያደርገውን ፕሮግራም፣ ኢሙሌተር የሚሉትን፣ የጫንኩለት እኔ ነኝ። ሪሞቶቹንም በብሉቱዝ አገናኘሁለት። አመሰገነኝ? የለም። «ኦሪጅናል ስለሆኑ እኮ ነው የሠሩልህ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ የሚችለው ሰው ጠፋ። በኪቦርድ የሚጫወት ሰው ሲያይ የገማ ዓሣ እንደሸተተው ፊቱን ያጨማድዳል። ከገበያ ርካሽ ሪሞት የገዛውን ጎረቤታችንን «ወንድሜ፣ ይሄማ ማማሰያ ነው» ብሎ ሰው ፊት አዋረደው። ሪሞቱን ከኮምፒውተሩ ጋር ለማገናኘት ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ እሱ ግን እጁን ታጥቦ፣ ሁላችንንም ዝም አሰኝቶ ነው የሚጫነው።

ሪሞቱ ወዴት እንደተቀሰረ የሚያውቀው ቴሌቪዥኑ ሥር በምትቀመጥ ቀጭን ዘንግ ነው። ዘንጓ የምትልከው መልእክት የለም። በሁለት ጫፏ ዓይን የማያየው ብርሃን የሚሰጡ ትንንሽ አምፖሎች አሏት፣ በቃ። የሚያየው ሪሞቱ ነው፤ አፍንጫው ላይ ካሜራ አለው። ይህንን ዘንጓን ፈትቼ አሳየሁት።

«ዳጁ፣ በእሷ ፋንታ ሁለት ሻማ ብታበራም ይሠራል» አልኩት። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ነው ዳጁ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የምለው፤ አፌን እየመረረኝ።

«ሻማ!» ብሎ ሳቀ። «የጃፓን መሐንዲስ የደከመበትን በሻማ! አንተን እኮ ድስት ጠጋኝ ነበር ማድረግ።»

እናም የሞተውን ማሽን እስከ ዛሬ ሶኬት ላይ ሰክቶታል፤ ለዘንጓ መብራት እንዲያቀብል ብቻ።

ይህን ሰው ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ሄራ ዴቪ ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ እየሸመነች ትምህርት ቤት አስገብታ አስተማረችው። ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇ ከዳት። ሐኪሙ የመጀመሪያዎቹ ወራት ወሳኝ ናቸው፣ አንድ ቀን እንኳ እጅሽን እንዳታሳርፊው አላት። አስታ ካጂ ታዲያ በየጠዋቱ ቤቱ እየጠራ ፊኛ የሚፈርጥበት ጨዋታ ያጫውታት ጀመር፤ ስክሪኑ ላይ ያለች ትንሽ እጅ የእሷን እጅ እየተከተለች ፊኛዎቹን ትነካለች። ሐሳቡ የራሱ ነበር። ያበሳጨኛል እንጂ አልክድም።

«ታታ፣ የሪሞቱን ገመድ የእጅ አንጓሽ ላይ አጥብቂው! ከወደቀ ምትክ የለውም!» ይላታል። ታታ ማለቱ እህቴ ማለቱ ነው፤ የሚጨነቀው ግን ለሪሞቱ ነበር።

ቢሆንም እጇ መጣ። መጀመሪያ ከጉልበቷ ከፍ፣ ከዚያ እስከ ወገቧ፣ መስከረም ሲጠባ እስከ ትከሻዋ ተነሣ። «የዘንድሮ ኪጃ ፑጃ» አለችኝ እየሳቀች፣ «ቲካውን ለወንድሜ በቀኝ እጄ ነው ግንባሩ ላይ የማደርግለት። በግራ ከማደርግለትስ ብቀር ይሻለኛል።»

ኪጃ ፑጃ እህት ወንድሟን ግንባሩ ላይ ቲካ የሚሉትን ቀለም ቀብታ የምትመርቅበት ቀን ስለሆነ እኔም ወደ እህቴ ሄጄ ነበር። የሆነውን በኋላ የነገረችኝ የአስታ ካጂ ሚስት ራጃኒ ናት። ክፍላቸው ጠባብ ነው፤ ለበዓሉ የሚሣለውን የበረከት ክብ ሥዕል ወለሉ ላይ፣ ልክ ቴሌቪዥኑ ፊት ሣሉት። በዘይት የተነከሩት ረጃጅም የጥጥ ክሮች ዙሪያውን ተለኮሱ። ለምርቃቱ መልካም የሚባለው ሰዓት እስኪደርስ አማቾቹ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ይህ ጉረኛ ዝም ብሎ መቀመጥ መች ይችላል!

«ኑ፣ ኦሪጅናል ምን እንደሚሠራ እዩ! የእህቴን እጅ ያዳነው ይሄ ነው» ብሎ ሪሞቱን አስያዛት።

ሄራ ዴቪ እጇን አነሣች። ትንሿ እጅ ስክሪኑ ላይ እንደ ፌንጣ ዘለለች፤ ወደ ጣሪያ፣ ወደ ጥግ፣ ከዚያ ጠፋች። ደግማ አነሣች፤ ያው ነው። ሪሞቱ የዘንጓን ሁለት ብርሃን ትቶ አሥራ ምናምን የሚነድ ክር እያየ ነበር። በዚያ ቀን ክሩ ራሱ ነዶ እስኪያልቅ እፍ ብሎ የሚያጠፋ ደግሞ የለም፤ ክፉ ምልክት ነው። ክሩ ይሆን ብሎ ያሰበም አልነበረም።

«ምን ሆነብኝ፣ ኪጃ፣ ወንድሜ?» አለች።

«እጅሽ ነዋ የሚንቀጠቀጠው!»

«ዛሬ ጠዋት ደህና ነበር እኮ። ምናልባት ማሽኑ...»

«ማሽኑ አይሳሳትም፣ ታታ! ኦሪጅናል ነው! እጅሽ አልዳነም፣ አለቀ።»

ይህን ያለው በአማቾቹ ፊት ነው። ያሳደገውን እጅ! ሪሞቱን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች፣ ቀኝ እጇን ልብሷ ሥር ደበቀች፣ ሰዓቱ ሲደርስ ቲካውን በግራ እጇ አደረገችለት። ከዚያ ቀን በኋላ ለጨዋታው ተመልሳ አልመጣችም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ማለዳ የኮምፒውተሩን ድምፅ ላስተካክል እሱ ቤት ቁጭ ብያለሁ፤ እሱ ይጫወታል። ራጃኒ የጸሎቱን የዘይት መብራት አምጥታ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ስታስቀምጥ ትንሿ እጅ ዘለለች። ወዲያው በዓሉ ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ። እሱ ግን አልደነቀውም። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል መብራቱን ወደ ኋላው ዞር አደረገው።

«ዳጁ፣ ታውቅ ነበር?»

«ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ። አንድ ክር ለኩሼ ሞከርኩት።»

«ታዲያ ለእህትህ ለምን አልነገርካትም?»

«ምን ልበላት? ኦሪጅናሉ በክር ተሸወደ ልበላት? በአማቾቼ ፊት?» አለና አንድ ፊኛ አፈረጠ።

ጠመንጃ መፍቻዬን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። ሄራ ዴቪን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት፤ ቀኝ እጇ ልብሷ ሥር ነው። አጠገቧ ተቀምጬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

«የእጄ ጥፋት አልነበረም?»

«አልነበረም፣ ታታ።»

«እሱስ ከማግስቱ ጀምሮ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

እጇን አወጣች። ጣቶቿ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፤ ልትዘረጋቸው ስትሞክር ከግማሽ አላለፉም።

«ነገ እሄዳለሁ» አለች። «ዝም ብሎ አማረኝ እለዋለሁ። እንዳወቅኩ ግን እንዳትነግረው፣ አደራ።»

«ለምን?»

«ያፍራል። ከልጅነቱ ጀምሮ ማፈር አይችልም።»

ያ ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰውዬ ማፈር ምን እንደሆነ እንኳ እንደማያውቅ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የታጠፉ ጣቶቿን በግራ እጇ አንድ በአንድ ስታቃና አየሁና መልሼ ዘጋሁት።