የረግረጉ ጠንቋይ ካፖርት

ግሌንዳ ፕሩት ለፊልም ልብስ ስትነድፍና ስትሰፋ ነው ዕድሜዋን የፈጀችው። የፊልም ከተማ በሆነችው በርባንክ ውስጥ ሰው ሁሉ ወይ ፊልም ሠርቷል ወይ ልሠራ ነው እያለ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ማንም በማንም አይደነቅም። የረግረጉ ጠንቋይ ልብስ ግን እነሱንም አስደነቀ።

ጠንቋይዋ የመጣችው «የፒፕኪን ቤተሰብ» በሚባለው ተከታታይ ፊልም ላይ ነው። አባት፣ እናትና ልጆች አንድ ጭራቅ እያሳደዱ ሲያስቁን ይቆዩና መጨረሻ ላይ ትንሿ ልጅ «ፊትሽን አውልቂ!» ብላ ጭንብሉን ትገነጥላለች። ከሥሩም ሁልጊዜ አንድ ስግብግብ ሰው ይወጣል።

ዳይሬክተሩ «ልጆች የሚፈሯት፣ ደግሞ የሚስቁባት አሮጊት አምጪልኝ» ብሎ ወጥሮ ሲይዛት ግሌንዳ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ጎረቤቷ እትዬ ኢርማ ቫንዳይን ቆሻሻ ሊጥሉ ወጥተዋል። ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሐምራዊ ካፖርት፣ አንገቱ ላይ የተጣፈ ጥቁር ቬልቬት፣ ጎበጥ ያለ ትከሻ፣ ረጅም አፍንጫ። ግሌንዳ እርሳሷን አነሳች። ማሰብ ነበረባት፣ አላሰበችም። ባሏ በካንሰር ሲማቅቅ በጓሮ በር ሾርባ ይዘው ይገቡ የነበሩት እኚሁ ሴትዮ ናቸው።

ፊልሙ ወጣና ልጆች ጭራቅና ጠንቋይ መስለው ለብሰው ከቤት ቤት ጣፋጭ የሚለምኑበት ሃሎዊን ሲቃረብ የየሱቁ መስኮት ለሽያጭ በተሰቀለ የጠንቋይዋ ልብስ ሐምራዊ ሆነ። መጀመሪያ ኮራች። ከዚያ ነገሩ ይከነክናት ጀመር፤ እትዬ ኢርማን ባየች ቁጥር ስልክ የምታወራ መስላ ትሸሻለች። «እሳቸው ደግሞ የልጆች ፊልም የት አይተው!» እያለች ራሷን ትደልላለች።

የሃሎዊን ዕለት አመሻሹ ላይ እትዬ ኢርማ እንደ ልማዳቸው በረንዳቸው ላይ ወንበር አውጥተው ቸኮሌት ሊያድሉ ተቀመጡ። በርዷቸው ካፖርታቸውን ደርበዋል። ግሌንዳም ከአጥሩ ወዲህ ሆና የራሷን ከረሜላ ታድላለች።

«እማዬ! እማዬ! እውነተኛዋ ጠንቋይ!» አለች የትንሿን ፒፕኪን ቢጫ ጃኬት የለበሰች ሕፃን።

«ወይ ጉድ፣ ቁርጥ እሷን!» አለች እናትየው እየሳቀች። «ከየት ገዙት?»

«ይሄ? የዱሮ ነው እኮ» አሉ እትዬ ኢርማ።

ሕፃኗ ደረጃውን ሮጣ ወጣችና «ፊትሽን አውልቂ!» ብላ አፍንጫቸውንና ጉንጫቸውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ሳበች። አልወልቅ አለ። ደግማ ሳበች። የያዘችው የሰው ፊት መሆኑ ሲገባት ጩኸቷን አቀለጠችው። መንገድ ላይ የቆሙት ወላጆች መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው ልጆቻቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«በጣም ይቅርታ! ጭንብል መስሏት ነው» አለች እናትየው።

«ምንም አይደል። ነይ የኔ ማር፣ ትልቁን ውሰጂ» አሉ እትዬ ኢርማ፣ ጉንጫቸው ቀልቶ። ከዚያ ወንበራቸውን ይዘው ገቡና የበረንዳውን መብራት አጠፉ። መብራት የጠፋበትን ቤት በዚያ ምሽት ማንም ልጅ አያንኳኳም።

ግሌንዳ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አጥሩን ዞራ ማንኳኳት ሲገባት ቤቷ ገብታ በሯን ቆለፈች፤ ለዚህም ደግሞ አፈረች።

በማግስቱ እትዬ ኢርማ ራሳቸው በጓሮ በር መጡ፤ ካፖርቱን አጣጥፈው ክንዳቸው ላይ ይዘዋል።

«ግሌንዳዬ፣ እጅሽ ወርቅ ነው። እስቲ ይሄን ሌላ ነገር አስመስይልኝ። ብታሳጥሪውም፣ ቀለም ብትነክሪውም። ልጥለው ብል ሙቀቱ አሳሳኝ።»

ግሌንዳ ካፖርቱን አልተቀበለችም። «እትዬ ኢርማ፣ ካፖርቱ ምን አጠፋ? ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ጠንቋይዋን የሳልኩት እርስዎን አይቼ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ፊልሙን ያየሁ ዕለት ነው ያወቅኩት። አንገቱ ላይ የጣፍኳትን ቬልቬት እንኳ አልተውሻትም። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ ስጠብቅሽ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ» አለች ግሌንዳ አንገቷን ደፍታ።

«እሱስ ይሁን። እኔን ያልገባኝ ሌላ ነው።» አሮጊቷ ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ምን አድርጌሽ ነው?»

ግሌንዳ አንድ በደል ፈለገች። አንዲት ክፉ ቃል፣ አንዲት የአጥር ጭቅጭቅ ብታገኝ እሷኑ ትናገር ነበር። አጣች።

«ምንም አላደረጉኝም» አለች።

እትዬ ኢርማ እስካሁን አላለቀሱም ነበር። አንድ ነገር አጥፍተው ቢሆን ኖሮ ምክንያቱን አውቀው ይቀላቸው ነበር፤ ይህን ሲሰሙ ግን ዓይናቸው እንባ ሞላ።