ሮዙን ቀላ የሚያደርግ ግድግዳ

ነገሌ ቦረና በጊዜያዊ ቀለም ቀቢነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ብሩሽ አልነካሁም። አለቃዬ ጋሽ ታደሰ ወደ መንግሥት እንግዳ ማረፊያው መታጠቢያ ቤት አስገቡኝና አንድ ደረቅ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ጠርዝ ላይ አስቀመጡኝ።

«ምን ልሥራ?» አልኳቸው።

«እያቸው። ገንዳውን፣ የእጅ መታጠቢያውን፣ የሽንት ቤት መቀመጫውን። ምሳ ሰዓት እመለሳለሁ።»

እኔ የክብረ መንግሥት ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ቀለም መቀባት ማለት ባልዲ፣ ኖራና ጉልበት ነበር። ሰው ደመወዝ እየተከፈለው ሽንት ቤት ሲያይ ይውላል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ሥራ ነውና ተቀምጬ አየሁ። ሦስቱም ዕቃዎች ሮዝ ናቸው። ግድግዳው በአንድ ወቅት ነጭ የነበረ ይመስላል።

ቤቱ ከመወረሱ በፊት የአንድ ነጋዴ ነበር። ሰውየው ዕቃዎቹን ከጣሊያን አስመጥቶ፣ አስገጥሞ፣ ውኃ በቧንቧ እስኪገባለት ሲጠባበቅ አብዮቱ ቀድሞ ገባ። ቧንቧው እኔ ስደርስም አልገባም ነበር። ገንዳው ውስጥ የግቢው ዘበኛ ኦቦ ጃተኒ ግልገል ፍየሎቻቸውን ያሳድሩበታል። ጠርዙ ከፍ ያለ ስለሆነ ግልገል አይወጣበትም፣ በሩም ስለሚዘጋ ጅብ አይገባበትም። ነገሌ ውስጥ እንደዚያ የተመቸው ግልገል አልነበረም።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ታደሰ መጡ። «ምን አየህ?»

«ሮዝ።»

«እሱንማ ከበር ላይ ሆኜም አየዋለሁ። ስማ፤ ገንዳ አይቀባም፣ ግድግዳ ነው የሚቀባው። ስለዚህ የሚታዘዘው ግድግዳው ነው። ይህን ከያዝክ የቀረው ጉልበት ነው።»

ያዝኩት። መያዝም ነበረብኝ። አስቴር የምትባል ልጅ አጭቼ፣ አባቷ አቶ ወልዴ «ልጄን ለጊዜያዊ ሠራተኛ አልሰጥም፤ ቋሚ ስትሆን ና» ብለው መልሰውኛል። ቋሚ የሚያደርገኝ ደግሞ የማረፊያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ምትኩ ነው፤ ይህ መታጠቢያ ቤት ካማረ ይፈርማል፣ ካላማረ ወደ ኖራዬ እመለሳለሁ። ስለዚህ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሚስቴን ነበር የምቀባው ማለት ይቻላል።

ጓድ ምትኩ በሳምንቱ ለማየት መጣ። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ እንግዳ ሊመጡ ነው፤ እዚሁ ያርፋሉ። በሩ ላይ ቆሞ ዕቃዎቹን አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ሮዝ ነው ጓድ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ሮዝ ማለት የፈዘዘ ቀይ አይደለም እንዴ?»

ጋሽ ታደሰ ገንዳውን እንደ አዲስ አዩት።

«ማነው ያፈዘዘው?»

«ፋብሪካው ይሆናል ጓድ።»

«የማን አገር ፋብሪካ?»

ጋሽ ታደሰ ጣሊያን ለማለት አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ጓድ ምትኩ መፍትሔው ቀላል ነው አለ። መጋዘኑ ውስጥ ለመፈክርና ለቅስት የመጣ ቀይ ቀለም ሞልቷል፣ ግድግዳው በሙሉ ቀይ ይሁን።

«ቀይ ካደረግነው ሮዙ የባሰውን ይፈዛል» አሉ ጋሽ ታደሰ። «እንግዳው ገብተው የሚያዩት ቀዩን ሳይሆን የፈዘዘውን ነው። ግድግዳው ግራጫ ቢሆን ግን ሮዙ ቀላ ብሎ ይታያል።»

«ቀላ ይላል?»

«ደንበኛ ቀይ ባይሆንም ወደዚያው ያዘነብላል።»

ጓድ ምትኩ በረጅሙ አሰበና «እንግዲያው ወደዚያው ያዘንብል» ብሎ ፈቀደ። ሲወጣ ግን ጣቱን ቀሰረ። «ከመጋዘኑ ቀይ ላይ አንድ ጠብታ ነጭ ጨምሮ የሚያፈዝ ሰው ካለ በኋላ ወዮልኝ እንዳይል!»

ኦቦ ጃተኒ በሩ አጠገብ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። «ኦቦ ጃተኒ፣ አንቱ ይህን ሮዝ በኦሮምኛ ምን ይሉታል?» አልኳቸው።

ገንዳውን ዘወር ዘወር እያሉ አዩት። «ዲማ ሚቲ፤ ቀይ አይደለም። ነጭም አይደለም። ላም ላይ አይቼው አላውቅም። ላም ላይ የሌለ ቀለም ስም ምን ያደርግለታል?»

«ግድግዳውስ? ግራጫ ሊሆን ነው።»

«ዳላቻ በላ!» ፊታቸው በራ። «ዳላቻ፣ ግራጫዋ፣ መልካም ላም ናት። እሷን ቀቡ።»

ግራጫ ግን ነገሌ አልተገኘም። ሜጋ፣ ሐጂ ኑር የሚባሉ ነጋዴ ዘንድ አለ ተባለና የመሥሪያ ቤቱ መኪና ተፈቀደልኝ። ጋሽ ታደሰ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ በላይ ካለው የውኃ ማጠራቀሚያ ላይ የሸክላውን ክዳን አንስተው አሸከሙኝ።

«ቀለም በወሬ አይገዛም» አሉኝ። «ግራጫ ሁሉ አንድ አይደለም። ሰማያዊ የነካው ሮዙን ሐምራዊ ያደርገዋል፣ ቢጫ የነካው ያቆሽሸዋል። ክዳኑን አጠገቡ አድርግና ፀሐይ ላይ እይ። ከተሰበረ ግን አትመለስ።»

በብርድ ልብሴ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሹፌሩ ከበደ መንገዱን ሁሉ እሱን እያየ ነበር የሚነዳው። አሬሮ ለምሳ ስንቆም «አምጣው እባክህ፣ ሥጋ እንክተፍበት፤ ለስላሳ ነው፣ ጠርዝም አለው» አለኝ። የምን ክዳን እንደሆነ ነገርኩት። «ታዲያ ውኃ ያልገባበት ሽንት ቤት ከሳህን በምን ይለያል?» ብሎ ተከራከረኝ። እውነቱን ነበር፣ ግን አልሰጠሁትም።

ሜጋ ስንደርስ ክዳኑን ሱቁ ደጃፍ ላይ ገለጥኩት። ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ሴትዮ የመቃብር ድንጋይ መስሏቸው «ማን ሞተባችሁ?» ብለው ከንፈር መጠጡልኝ። ሐጂ ኑር ወጡ።

«አካም፣ ናጋ? ምንድን ነው ይኼ ልጄ?»

«ናጋ ሐጂ። የሽንት ቤት ክዳን ነው። የሚስማማው ግራጫ ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«ከየት?»

«ከነገሌ።»

«ከነገሌ ድረስ ሽንት ቤቱን ይዘህ መጣህ?»

«ክዳኑን ብቻ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉና ጣሳዎቹን አስወጡ። አንዱን ከፍቼ እንጨት ላይ ቀብቼ ከክዳኑ ጎን አቆምኩት፤ ሐምራዊ አደረገው። ሁለተኛው አቆሸሸው። ሦስተኛውን ሳቆም ሮዙ ሞቅ ብሎ ቀላ አለ። ሱቁ ደጃፍ ያለው ሕዝብ እንኳ «እህ!» አለ። ደስታዬን አልረሳውም፤ ጋሽ ታደሰ ያሉት ነገር እውነት መሆኑን በዓይኔ አየሁ። ጣሳዎቹን ጫንን።

ስንመለስ አንድ ኬላ ላይ አስቆሙን። ፈታሹ የቀለሙን ጣሳና የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ አይቶ አሳለፈ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጠ።

«ይህ የውጭ ዕቃ ነው። ደረሰኝ?»

«ከነገሌ ይዤው የመጣሁ ነው።»

«ወዴት ልትወስደው?»

«ወደ ነገሌ።»

«ከነገሌ ወደ ነገሌ!» ጓደኛውን ጠቀሰው። «የሽንት ቤት ክዳን ሽርሽር ወጥቶ ነው እንግዲህ የሚመለሰው።»

«ቀለም ልመርጥበት ነው፤ ይጠይቁ፣ መቀመጫው እዚያ አለ።»

«እንግዲያው መቀመጫውን አምጣና ግጠምልኝ። ከገጠመ ትወስደዋለህ።»

ከበደ ለመነ፣ እኔ ለመንኩ። ክዳኑ ኮንትሮባንድ ተብሎ ቀረ። ቀሪውን መንገድ ባዶ ብርድ ልብስ ታቅፌ ነው የተጓዝኩት። አስቴርን ይዣት ሄጄ መንገድ ላይ ጥያት የመጣሁ መሰለኝ።

ጋሽ ታደሰ ሲሰሙ አልተቆጡም። ጭንቅላታቸውን ይዘው ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ «መጀመሪያ ግድግዳውን ቀባ» አሉኝ። ግልገሎቹን አስወጣን፣ አሮጌውን ቀለም ፋቅን፣ ስንጥቁን ሞላን፣ ሁለት እጅ ቀባን። አምሮ ነበር። ሮዙ ቀልቶ፣ ክፍሉ ሰፍቶ፣ ብርሃኑ ረግቶ ነበር። ግን ዓይን ሁሉ የሚያርፈው አፉን ከፍቶ በቀረው ማጠራቀሚያ ላይ ነው።

አናጢ በልኩ ከጣውላ ክዳን ሠራልን። ሮዝ መሆን አለበት። ሮዝ ለማድረግ ደግሞ ቀይና ነጭ መደባለቅ ያስፈልጋል። ጓድ ምትኩን ለማስፈቀድ ሁለታችንም ቢሮው ገባን።

«ቀዩ አይፈዝም ብያለሁ!»

ጋሽ ታደሰ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው በእርጋታ «ቀዩን ማን ይነካዋል ጓድ» አሉ። «እኛ ነጩን ነው የምንነካው። ነጭ ቀለም እናስቀምጥና ቀይ እየጨመርን እናቀላዋለን።»

ጓድ ምትኩ ብዕሩን አስቀመጠ። «ነጩን ታቀሉታላችሁ?»

«እስኪበቃው።»

«ይህማ ትክክለኛ አሠራር ነው። እንዲያውም ከመጀመሪያው እንዲህ ማለት ነበረባችሁ።»

ወጥተን ጥጉን ስንይዝ ጋሽ ታደሰ ግድግዳ ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሐሳቡን ሳይቀይር ብዬ ቀለሙን ለማምጣት ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ።

በዘይት ቀለም ቀባሁትና ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። የእንግዳው መምጫ ዋዜማ ላይ ደርቆ ልናነሳው ስንሄድ፣ ከገንዳቸው የተፈናቀሉት ግልገሎች ከጥላ ወደ ጥላ ሲሻገሩ ለካ በላዩ ረግጠውበታል። ኮቴያቸው ከዳር እስከ ዳር ታትሞ ይታያል። ኦቦ ጃተኒ ጎንበስ ብለው አዩና «ጠፍ መሬት መሰላቸው» አሉ፣ ለፍየሎቹ ይቅርታ እየጠየቁ። ፍቀን እንደገና ቀባነው። ነገ ከሰዓት ድረስ ይደርቃል አልን። እንግዳው ግን በጠዋት መጡ።

ክዳኑን እንደ ቡኮ በጣቶቼ ጫፍ ይዤ ቦታው አስቀመጥኩትና በጓሮ ወጣሁ። እንግዳው በባልዲ ውኃ ሊታጠቡ ገቡ። እኔ፣ ጋሽ ታደሰና ጓድ ምትኩ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረን ቆምን። እርጥብ መሆኑን ለጓድ ምትኩ አልነገርነውም፤ የሚነገርበት ጊዜም አልነበረም።

እንግዳው ወጡ። ቆባቸውን ደፍተው ነበር። «ግድግዳው ጥሩ ነው፤ ዓይን ያሳርፋል» አሉ። ጓድ ምትኩ ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። አለቀ፣ አስቴር የኔ ናት አልኩ በልቤ።

ወደ አደባባይ ተከትለናቸው ሄድን። ፀሐዩ የነገሌ ፀሐይ ነው። ንግግራቸውን ጀመሩና ሲያልባቸው ቆባቸውን አወለቁ። ግንባራቸውን ከጆሮ እስከ ጆሮ ሮዝ ቀለበት ዞሮታል። ቆቡን ሲታጠቡ ያስቀመጡት ክዳኑ ላይ ነበር ማለት ነው።

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ሁሉም ተከተለ። ቀለሙ የዘይት ስለሆነ በውኃ አይለቅም፣ ነጭ ጋዝ ያስፈልገዋል፤ እንዲህ ያለ ሰው ዘንድ ግንባርዎን በነጭ ጋዝ ላሽልዎት ብሎ የሚቀርብ ግን ማን አለ? በላብ እየወዛ ይበልጥ ያበራል። በሙያ ዓይን ሳየው፣ ከግራጫ ካኪያቸው ጋር ሲታይ ቀላ ብሎ ነበር። ጓድ ምትኩ ቀለበቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ቀለበቱን አየ። እንግዳው ንግግራቸውን ጨርሰው፣ መኪና ውስጥ ገብተው፣ እንዳጌጡ ሄዱ።

በማግሥቱ ጓድ ምትኩ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ባዶ ወረቀት ነበር።

«ላባርርህ ነው» አለኝ። «ለማባረር ግን ምክንያት መጻፍ አለብኝ። ምን ብዬ ልጻፍ? የእንግዳውን ግንባር ቀባ ልበል? መቼ አየህ ይሉኛል። አደባባይ ላይ ልበል? አይተህ ለምን ዝም አልክ ይሉኛል። ዝም ብዬ አጨብጭቤያለሁ።»

«እኔም አጨብጭቤያለሁ ጓድ።»

ጓድ ምትኩ ብዕሩን አንስቶ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳ። «ምንም ነገር አልተፈጠረም» አለ በመጨረሻ። «ምንም ካልተፈጠረ ደግሞ ሥራው አምሯል ማለት ነው። ሥራው ካማረ ቋሚ መሆን አለብህ።» በንዴት ብዕሩ ወረቀቱን እየቀደደ ጽፎ ፈረመልኝ። አቶ ወልዴ የተቀደደውን ቦታ አይተው «ምነው እጁ ከበደው?» ከማለት በቀር አንዳች አልተናገሩም። ሠርጉ በፋሲካ ማግሥት ሆነ።

ከዓመታት በኋላ ከአስቴር ጋር ወደ ዘመድ ስንሄድ መኪናችን ያው ኬላ ላይ ተበላሸ። ፈታሾቹ ጥላ ሥር ሥጋ ጠብሰው ይበላሉ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ጠሩን። አስቴር ቁጭ ብላ ጎረሰችና «ውይ፣ ሳህናቸው እንዴት ያምራል!» አለችኝ።

የፍም ጥላሸት ጠርዙን ትንሽ ነክቶታል፤ ሮዙ ግን ያው ነው። ያቺን ልጅ ያገኘሁት በዚህ ክዳን መጥፋት ነው፤ ባይጠፋ ጣውላው አይሠራም፣ ግንባሩም አይቀባም ነበር።

«ይህ ክዳን የኛ ነው» አልኩ፣ ለፈታሹ።

ፈታሹ ጉርሻውን ዋጠና «ደረሰኝ አለህ?» አለኝ።

አስቴር እኔን አየች፣ «የምን ክዳን?» አለች። በልታ እስክትጠግብ ድረስ አልነገርኳትም።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው አንድ ነገር ነው። ቀለሙን ወደ ዕቃው ውሰዱ፣ ዕቃውን ወደ ቀለሙ አትውሰዱ።