የጾም ወር ቀማሽ

ቅዳሜ ከሰዓት ሙሐመድሰዒድ ፊት ሱሪ ይዞ መቅረብ ሞኝነት ነው። በሌላው ቀን ክር አይስትም፤ ሎግያ ላይ እንደሱ ቀጥ አድርጎ የሚሰፋ ሌላ ልብስ ሰፊ አለ ብትሉት ይጣላችኋል። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ካለፈ ግን እግሩ ከስፌት መኪናው ላይ ሆኖ ልቡ ሰመራ ነው። በቀደም የአንድ መምህር ሱሪ አንደኛው እግሩ ከሌላው ሁለት ጣት አጥሮ የወጣው ቅዳሜ ቀን ተሰፍቶ ነው። መምህሩ ሊጨቃጨቅ ሲመጣ ሱቁ ተዘግቷል፣ ባለሱቁም በባጃጅ ሄዷል። ወዴት? ወደ ገበያ ነዋ!

"ሰው ባቲ ተወልዶ ገበያ ካልወደደ ምኑን ባቲ ተወለደ?" ይላል ራሱ። ልጅ ሳለ ሰኞ ሰኞ በባቲ ገበያ ውስጥ እየጠፋ እናቱን ስንት ጊዜ አስለቅሷታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው ከአብሮ አደጉ ከታጁ ጋር ሥራ ፍለጋ ወደ ዱብቲ ጥጥ እርሻ ወረደ። ሁለቱም ከረጢት ሰፊ ሆኑ። ከረጢቱ ለሙሐመድሰዒድ ሙያ ሆነውና ሎግያ ላይ ልብስ መስፋት ጀመረ፤ ዘሀራን አገባ፣ ልጆች አሳደገ፣ ዘንድሮ ስድሳ ሦስት ዓመት ሆነው። ታጁ መርፌ ስላልሆነለት ወደ ቴምር ንግድ ገባ። አሁንም ጓደኛሞች ናቸው፤ ማለትም ሲገናኙ ይከራከራሉ።

ገበያው የሚቆመው ከሰመራ ዳር፣ ወደ ሎግያ መውጫ ካለው ሜዳ ላይ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። የሚበላ አለ፣ የእጅ ሥራም አለ። ሙሐመድሰዒድ የሚሄደው ሊገዛ እንዳይመስላችሁ። ሰሌኑን በመዳፉ ይዳስሳል፤ ከዘንባባ የተሠራውን የወተት ዕቃ በጣቱ ኳ ኳ ያደርግና ውስጡን ያሸታል፤ የጊሌውን፣ የአፋሩን ጩቤ፣ አፎት ገልበጥ አድርጎ ስፌቱን ይቆጥራል። ዋጋ ይጠይቃል፣ "ማሻአላህ!" ይላል፣ ያልፋል። ሰሌን የምትሸጠው አፋሯ ኸሊዳ በየሳምንቱ "ዛሬስ?" ትለዋለች፤ እሱም በየሳምንቱ "ዛሬ ላየው ነው የመጣሁት" ይላታል። በስድስት ዓመት ከእሷ አንድ ሰሌን ገዝቷል፤ እሱንም ዝናብ ይዞት ሊጠለልበት ነው።

የረመዳን ገበያማ ሌላ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደምቅና መግሪብ ካለፈ በኋላ ይበተናል። ቤተሰቡን ከሩቅ አገር የተወ ሾፌርና የቀን ሠራተኛ ሁሉ የሚያፈጥረው እዚያው ነው። ዘንድሮ ደግሞ ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ሳምንት ገቡ። እስላሙም ጾመ፣ ክርስቲያኑም ጾመ፤ በዚያ ሙቀት ሰመራና ሎግያ ላይ በቀን አፋቸውን የሚያንቀሳቅሱ ፍየሎች ብቻ ቀሩ።

ፍየሎችና ሙሐመድሰዒድ።

ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ ነው። ሱቁ ውስጥ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ዱብቲ ሆስፒታል ሲወስዱት ስኳር ተገኘበት። ሐኪሟ የስኳሩን መርፌ አወጋግ ስታሳየው ቆይታ፣ "ዘንድሮ ጾም የለም አባ" አለችው። ኢማሙ ይሽሩልኛል ብሎ እሳቸው ዘንድ ሮጠ። ኢማሙ ባሱበት፦ በሽተኛ ተፈቅዶለታል፣ በየቀኑ አንድ ምስኪን አብላ፣ ራስህን አትግደል አሉት። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ አንዲት ቀን ያላጎደለ ሰው! ምስኪኑን እያበላ ነው፤ እሱ አልከበደውም። የከበደው የራሱ ምሳ ነው። ከሱቁ ጓሮ፣ ከመጋረጃ ኋላ፣ ማንኪያው ከሳህኑ እንዳይጋጭ እየተጠነቀቀ ይበላል፤ አፉን ሦስቴ ተጉመጥምጦ ጢሙን ይጠርግና የጾመኛ ፊት አውጥቶ ይወጣል።

"አላህ የፈቀደልህን አንተ ማን ነህና ትደብቃለህ?" ትለዋለች ዘሀራ።

"ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ሱሪው እስኪሰፋለት ነው የሚያይህ!"

እሱ ግን የሚያስበው ሰውን ሁሉ አልነበረም፤ ታጁን ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ረመዳን በገባ ቁጥር በጾም ጉብዝና ሲፎካከሩ ኖረዋል። ባለፈው ቅዳሜ እንኳ ታጁ ከቴምሩ ኋላ ቁጭ ብሎ፣ "የዛሬውስ ጥም አይጣል ነው" ቢለው፣ ሙሐመድሰዒድ ምሳውን ከበላ ሰዓት ሳይሞላው፣ "ተወኝ ወንድሜ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል" አለ። ወዲያው አፈረ። የታጁን ከንፈር አየ፤ ለጾመኛ ወዙ በዛ ያለ ነበር። "አላህ ለሚወደው ያቀልለታል" ብሎ ቀናበት።

ስለዚህ ዛሬ ገበያ አልሄድም ብሎ ማለ። ስምንት ሰዓት ላይ ማለ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባጃጅ ውስጥ ነበር።

ሜዳው ጢም ብሏል! ከአፋምቦ የመጣ ቴምር፣ ከወሎ የወረደ ማር፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ገና ከዘይት የሚወጣ ሳምቡሳ። ሰሌኖቹ በቀይና በወይን ጠጅ ቀለም ተጠልፈው መሬቱን አልብሰውታል። አንዲት ልጅ ከቆዳ የተሠራ ቦርሳ ይዛ፣ "ይዩት፣ መዳሰስ በነፃ ነው" አለችው። ይህችም ታውቀዋለች ማለት ነው! ሙሐመድሰዒድ ከጫፍ ጫፍ ሲዞር ስኳሩንም መርፌውንም ረሳ፤ ልቡ እንደ ባቲው ልጅ ዘለለ።

ጭቅጭቅ የሰማው አመሻሽ ላይ ከሾርባው ጋ ሲደርስ ነው።

የሾርባው ባለቤቶች ዙሌይካና የባሏ እህት ፈትያ ናቸው፤ ከኮምቦልቻ የመጡ፣ ይህን ቦታ በስንት ደጅ ጥናት ያገኙ። ባለፈው ቅዳሜ ጉድ ሆነው ነበር። ጾመኛ ባለሙያ የሚያበስለውን አይቀምስም፤ ሼኾች በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ይቻላል ቢሉም ሴቶቹ ይፈራሉ። ዙሌይካ ጨው ጨመረች፤ ፈትያም እሷ ሳታያት ጨመረች። አዛን ሲል ሰው ሁሉ አንዴ ፉት ብሎ ሳህኑን አስቀመጠ። አንድ ሾፌር "አፍዴራ ሐይቅ ነው እንዴ?" ብሎ ሰውን አሳቀባቸው። የገበያው ኮሚቴ ግን አልሳቀም፤ ዛሬ ከተደገመ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ብሏቸዋል።

አሁን መግሪብ ሊገባ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል፤ ሰው ሳህኑን ይዞ መሰለፍ ጀምሯል፤ ሁለቱ ሴቶች ከትልቁ ድስት ላይ ቆመው ይነታረካሉ።

"ጨምረሻል!" አለች ዙሌይካ።

"ወላሂ ትዝ አይለኝም!"

ዙሌይካ ጎረቤቷን ዞር ብላ አየች። አስረሳች ናት፣ ቆሎና በሶ የምትሸጠው። "አስሬ፣ አንቺስ ብትቀምሽልን?"

"እኔማ ሁዳዴ ላይ ነኝ! ባልሆንስ ከእናንተ ሥጋ ጋር መቼ ተገናኝተን እናውቃለን?" አለች አስረሳች፤ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። ዙሌይካ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የጨው ጣሳውን አነሳች፣ ከድስቱ በላይ ያዘችው።

ሙሐመድሰዒድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እንሂድ አለው አንዱ ልቡ። ሌላው ልቡ ጣሳውን ያያል። ይህ ሁሉ ሰው ሲሰበሰብ፣ ያንን ድስት መቅመስ የሚችል እስላም እሱ ብቻ ነው፤ ይህንንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ባሻገር ታጁ ከቴምሩ ኋላ ቆሞ ወደዚህ ያያል።

"ቆይ!" አለ ሙሐመድሰዒድ። "ማንኪያ ስጪኝ።"

"ጋሼ፣ ጾመኛ አይደሉ እንዴ?"

"አይደለሁም።" ጆሮው ጋለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ጨረሰው፦ "ስኳር አለብኝ። መርፌ እየተወጋሁ ነው። ሐኪሟም ከልክላኛለች፣ ኢማሙም። ረመዳን ከገባ አንድ ቀን አልጾምኩም። በቃ፣ ማንኪያ!"

ማንኪያው መጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የዚህ ሰውዬ ድብቅ በሽታ ግን የሌላ ሰው ድስት ይዞ ሊሄድ ነበር። "ቢስሚላህ" ብሎ ፉት አለ። ሃምሳ ዓይን ጉሮሮውን ያያል። አላመጠ፣ አሰበ፣ እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ውኃ ነው" አለ። "አንዲት ፍሬ ጨው የለውም!"

"አንቺ አልጨመርሽም?" አለች ፈትያ።

"አንቺ ጨምረሻል ብዬ ነዋ!"

ባለፈው ሁለቱም ጨምረው፣ ዛሬ ሁለቱም ፈርተው ትተውት! ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ሙሐመድሰዒድ ማንኪያውን ይዞ አዘዘ፦ ጨምሪ፣ አማስይ፣ ቆይ፣ ትንሽ ድገሚ። በሦስተኛው ቀመሰና፣ "አልሐምዱሊላህ! አሁን ሾርባ ሆነ" አለ። ዙሌይካ ጣሳውን አስቀምጣ እጁን ሳመችው።

"ጋሼ፣ የኛንም!" አለች ሳምቡሳ ሻጯ።

"ወደዚህም ይምጡ እንጂ!" አለች ዓሣ ጠባሿ። "ዳጣዬ እየተጨነቀች ነው!"

ስንት ዓመት በዚያ ገበያ ውስጥ ዕቃ እየዳሰሰ ሲዞር የኖረ ሰው፣ ዛሬ ማንኪያውን ከፍ አድርጎ ይዞ ይዞር ጀመር። የዚህችን በርበሬ አስቀነሰ፣ የዚያችን ሽንኩርት አስበሰለ። ሐላዋ ሲያቀርቡለት፣ "እሱን እንኳ ተዉልኝ፣ ከሐኪሟ ጋር ያጣላኛል" አለ። ኸሊዳ ከሰሌኗ ላይ ተጣራች፦ "ሰሌኑንም ቅመስና ውሰደው እንግዲህ! ዳስሰህ ጨረስከው!" ሙሐመድሰዒድ እስኪያስለቅሰው ሳቀ። ደስ አለው፤ እንዲህ ደስ ያለው መቼ እንደሆነ አላስታወሰም። ያ ሁሉ ምሳ በመጋረጃ ኋላ እንዴት ጉሮሮውን እያነቀው እንደወረደ ያወቀው አሁን ነው።

ከዚያ አንድ እጅ ከኋላው ክንዱን ያዘው። ታጁ ነው። ሙሐመድሰዒድ ሳቁ ከፊቱ ወረደ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ ታጁ።

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"ባለፈው ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል ያልከኝስ?"

"ሩዝ በልቼ ነበር" አለ ሙሐመድሰዒድ፣ መሬት መሬት እያየ። "ይቅር በለኝ።"

ታጁ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"እኔ ፓስታ" አለ።

"ምን?"

"እኔ ደግሞ ፓስታ በልቼ ነበር። ኩላሊቴ ነው። ውኃ ካልጠጣህ ትሞታለህ ብለውኛል። ዘንድሮ ብቻ እንዳይመስልህ፤ አምናም አልጾምኩም።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ፣ ከኸሊዳ ሰሌን ላይ ዘፍ ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቁን ቀድሞ ያቆመው ሙሐመድሰዒድ ነው። ሁለት ረመዳን! አርባ ዓመት አንድ ዳቦ የተካፈለው ሰው ሁለት ረመዳን ብቻውን ተደብቆ ሲበላ፣ እሱ ጎኑ ተቀምጦ በጽናቱ ይቀናበት ነበር። ልቡን አመመው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንተስ?" አለ ታጁ።

ሙሐመድሰዒድ ተነስቶ ዙሌይካ ጋ ሄደና ሌላ ማንኪያ ይዞ መጣ። አዛን ሊል አሥር ደቂቃ ነው የቀረው፤ ሰው ሁሉ ያያል። ማንኪያውን ዘረጋለት። ታጁ ሰልፉን አየ፣ ማንኪያውን አየ፤ ጢሙን ዳበሰና ተቀበለ። እየተጎተተ ከድስቱ ጋ ደረሰ፣ "ቢስሚላህ" አለ፣ በሰው ሁሉ ፊት ፉት አለ።

"ጨው አንሶታል" አለ።

"አላነሰውም!" አለ ሙሐመድሰዒድ።

"አንሶታል እልሃለሁ! አንተ ድሮም ምላስ የለህም።"

አዛን እስኪል ድረስ ተከራከሩ።