የትርሲት መጨረሻ

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የጭቃ ቤት ለመንገድ ማስፋፊያ ፈረሰ። ለዘገባ ሄጄ ነበር። ቆርቆሮው ወርዶ ግድግዳው ሲገፋ የደረቀ ጭድና ያረጀ ባሕር ዛፍ ሸተተኝ። የማን ቤት እንደነበር መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ቤቱ የጎረቤታችን የፕሮፌሰር ለሚ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአሥራ ዘጠነኛውን መቶ ዓመት ታሪክ ያስተምራሉ፤ አገር የሚያውቃቸው ግን በልብ ወለዶቻቸው ነው። በዚያው ዘመን የምትኖር ትርሲት የምትባል የጠጅ ጣይ ልጅ ፈጥረው ሁለት ቅጽ ጽፈዋል። ሁለተኛው ያለቀው ትርሲት ታማ፣ ቃሬዛ ላይ እንደተኛች ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው መግቢያ መውጫ አሳጣቸው። የታክሲ ረዳት ሳይቀር፣ «ፕሮፌሰር፣ ልጅቷን ከገደሏት ሁለተኛ አልጭንዎትም!» ይላቸዋል።

«እንግዲያው በእግሬ መሄድ ልልመዳ» ይላሉ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያስቀመጡ።

እሳቸው በብዕር ይጽፋሉ፤ የደብረ ማርቆስ ተወላጇ ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ በጽሕፈት መኪና ይተይባሉ። ድምፁ ከደጅ ሲሰማ የሚፈነዳ ፈንድሻ ይመስል ነበር። ክፍሉ የካርቦን ወረቀትና የላምባ ሽታ አይለየውም።

ሦስተኛው ቅጽ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ደም ግፊት ጣላቸው። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ከሆስፒታል ሲመለሱ አማርኛው ከአፋቸው ጠፍቶ፣ ሱሉልታ በልጅነታቸው የተናገሩት ኦሮምኛ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም ተቆራርጦ። እትዬ ዘነቡ ደግሞ በኦሮምኛ ከሰላምታ በላይ አያውቁም።

ስለዚህ አባቴ አስተርጓሚ ሆነ። ላሞቹን አልቦ ወተቱን ካደረሰ በኋላ እኔን አስከትሎ መጥቶ የፕሮፌሰር አልጋ ዳር ይቀመጣል። እሳቸው አንድ ሁለት ቃል ያወጣሉ፣ አባቴ ይተረጉማል፣ እትዬ ዘነቡ ይተይባሉ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ አደራ ከራስዎ እንዳይጨምሩ።»

«እትዬ፣ እኔ ወተት ላይ እንኳ ውኃ አልጨምርም!»

በመጨረሻው ቀን ትርሲትን ከቃሬዛው አውርደው እናቷ ቤት አስገቧት። ፕሮፌሰር ዐይናቸውን ጨፍነው፣ «ቦቆቴ» አሉ።

«አረፈች» አለ አባቴ።

የጽሕፈት መኪናው ቆመ። «ሞተች ነው ወይስ ድካሟ ወጣላት?»

ቃሉ በኦሮምኛም እንደ አማርኛው ሁለቱንም ይሆናል። «እኔ እንጃ፣ እትዬ። ያሉትን ነው ያልኩት።»

እትዬ ዘነቡ ባላቸው ላይ ጎንበስ አሉ። «ለሚዬ፣ ሞተች?»

በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዳነች?»

አሁንም ነቀነቁ።

አባቴ በተራው በኦሮምኛ ሞከረ። «ዱቴ?» ሞታ እንደሆነ ሲጠይቅ ነቀነቁ። «ፈይቴ?» ድና እንደሆነም ሲጠይቅ ነቀነቁ። ከዚያ አለመግባባታችን የገባቸው ይመስል በግራ እጃቸው ፍራሹን እየመቱ «ቦቆቴ፣ ቦቆቴ» አሉ። እንባቸው ጆሮአቸው ላይ ወረደ። አባቴ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። እትዬ ዘነቡ ቃሉን እንዳለ መቱትና አራት ነጥብ አደረጉበት።

ሳምንት ሳይሞላ ፕሮፌሰር ሞቱ። አሳታሚው ሰው ልኮ፣ ትርሲት ሞታ ይሁን ድና እትዬ ዘነቡን አስጠየቃቸው።

«እሱ ያለው ይሄንኑ ነው» አሉ።

ሦስተኛው ቅጽ ታትሞ ወጥቷል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ሁለት ቃል ነው፤ «ትርሲት አረፈች።»